የጠረጴዛ ጨዋታ መፍጠር ውድድር ታሪክ፣ ለባህር ዳር ልጆች (ረጅም ነው)

ጣና_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምቱ ሳይጠናብን እዚህ ባህር ዳር ለራሳችን አነስ ያለች የጨዋታ መፍጠር ውድድር እናድርግ ብለን ሐይቁ ዳር ስንገናኝ የተነሳው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም፣ ግማሹ መጀመሪያ ስፖንሰር ፈልገን ዳጎስ ያለ ሽልማት እናስቀምጥ ይላል ግማሹ ደግሞ ብር ከገባበት ይበላሻል ይላል። እኔ ደግሞ ከመጨቃጨቃችን በፊት ሌላው ዓለም ላይ እንዴት እንደሄደ እንወቅ ባይ ነኝ። ስለዚ ጌም ሼፍ የሚባለውን የጨዋታ መፍጠር ውድድር ታሪክ ልጻፍላችሁ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጌም ሼፍ የተጀመረው 2002 ላይ ዘ ፎርጅ በሚባል ድረገጽ ነው። ዘ ፎርጅ እነ ሮን ኤድዋርድስ የሚመሩት፣ አርፒጂ የሚጽፉ ሰዎች ትልቅ አሳታሚ ደጅ ሳይጠኑ ጨዋታቸውን ራሳቸው ሰርተው ራሳቸው እንዲሸጡ የሚያበረታታ ቤት ነበር (ለማያውቅ ሰው፣ አርፒጂ ማለት እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ይዞ ታሪኩን ከሌሎቹ ጋር እያወራ የሚጫወተው ነው)። ውድድሩን ያመጣው ማይክ ሆልምስ ነው፣ መጀመሪያ ስሙ አይረን ጌም ሼፍ ነበር፣ አይረን ሼፍ ከሚባለው የጃፓን የቴሌቪዥን የምግብ ውድድር የተወሰደ። እዛ ላይ አብሳዮቹ ምን እንደሚሰሩ ሳያውቁ ይመጡና ድንገት አንድ ግብዓት ፊታቸው ይገለጣል፣ ሰዓቱም ይቆጥራል። ጌም ሼፍም እንደዛው ነበር ግብዓቱ ግን ቃል ነበር። ቃላቱ ይለጠፉ ነበር፣ ከዛ በሳምንት ገደማ ውስጥ በነሱ ላይ የቆመ፣ ሰው አንብቦ ሊጫወተው የሚችል ጨዋታ ጽፎ ማስገባት።

አሁን ልብ በሉ። 2004 ላይ የተሰጡት ቃላት በረዶ፣ ደሴት፣ ንጋት፣ ጥቃት ነበሩ። ከነዚህ 4 ቃላት ቤን ሌማን ፖላሪስን ጻፈ፣ ቲሞቲ ክላይነርት ደግሞ ዘ ማውንቴን ዊችን። ሁለቱም በኋላ ታትመው ወጥተዋል። ፖላሪስ ላይ በሰሜኑ ጫፍ የሚኖር እየጠፋ ያለ የበረዶ ህዝብ አለ፣ ፈረሰኞቹ ከአጋንንት ጋር ይዋጋሉ፣ ግን መጨረሻቸው ከመጀመሪያው የታወቀ ነው፣ ወይ ይሞታሉ ወይ ራሳቸው ይበላሻሉ። ንጋቱም ተስፋ መሆኑ ቀርቶ ጥፋት ይዞ የሚመጣ ነገር ሆኗል! ደግሞ ጨዋታውን የሚመራ አንድ ሰው የለም፣ 4 ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱ የፈረሰኛው ልብ ነው፣ አንዱ ጠላቱን ይዟል፣ የቀሩት 2ቱ በጎን በጎን ያሉትን ሰዎች ይጫወታሉ፣ ሲጋጩ ደግሞ አብዛኛው ነገር የሚፈታው በተወሰኑ አባባሎች ነው፣ አንዱ አንድ ነገር ሲል ሌላው «ይሁን ግን እንዲህ ከሆነ ብቻ» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል፣ እንደ ድርድር። ዘ ማውንቴን ዊች ላይ ደግሞ ጌታ የሌላቸው ሳሙራዮች ፉጂ ተራራ ላይ ያለውን ጠንቋይ ሊገድሉ ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ ግን ለሌሎቹ ያልነገረው ክፉ እጣ አለበት፣ እርስ በርስ የሚሰጣጡት እምነት ራሱ የጨዋታው ነዳጅ ነው፣ ያመንከው ሰው ባመንከው ልክ ሊረዳህም ሊከዳህም ይችላል። አንድ ዓይነት 4 ቃል፣ ሁለት የማይገናኝ ዓለም።

እኔን ያስደነቀኝ ይሄ ነው። እነዚህን ጨዋታዎች ያወጣቸው ሽልማት አይደለም፣ ጠባብ በር ነው። ጠባብ በር፣ የተቆረጠ ቀን እና የሰራኸውን ቁጭ ብሎ የሚያነብልህ ሰው። እነዚህ 3 ካሉን ውድድር አለን ባይ ነኝ።

የሽምብጥ_ልጅ፦
ወንድማለም ደስ ይላል አጻጻፍህ፣ ግን እኔ አልተስማማሁም። ሽልማት ሰው ይጠራል። 2002 ላይ እኮ ሌላም ውድድር ነበር፣ የታዋቂው አርፒጂ የዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት አዲስ የጨዋታ ዓለም ፍጠሩልኝ ብሎ ለማንም ክፍት አደረገ፣ አንድ ገጽ ብቻ መላክ ነው፣ ከ11,000 በላይ ሰው ላከ! አሸናፊው ኪት ቤከር ነው፣ የሱ ዓለም ኤበሮን 2004 ላይ ታተመ፣ ይሄው እስካሁን ሰው ይጫወተዋል። ገንዘቡም ቀላል አልነበረም። እና ሽልማት ምንም አያመጣም ማለት ልክ አይደለም

ጣና_ዳር፦
@የሽምብጥ_ልጅ ያልከው ልክ ነው ወንድሜ፣ ኤበሮንም ጥሩ ስራ ነው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተከተለው። መጨረሻ ዙር የደረሱት 3 ነበሩ፣ የ3ቱንም ዓለም ካምፓኒው ገዛው። የታተመው 1 ነው፣ የቀሩት ሁለቱ ሰዎች ያን ሁሉ ገጽ የጻፉበት ዓለም መሳቢያ ውስጥ ቀረ፣ ራሳቸው ሊያወጡት አይችሉም ምክንያቱም የነሱ አይደለም። ቀሪውን ከ10 ሺህ በላይ ሰውስ ማን አነበበለት ማን ምን አለው? ጌም ሼፍ ላይ ግን ጨዋታው የጻፈው ሰው ንብረት ነበር፣ ተሸነፈም አሸነፈም በማግስቱ አሻሽሎ ማሳተም ይችላል። እኛ ጋ የሚገባ ልጅ ምናልባት በሕይወቱ የመጀመሪያ ጨዋታውን ነው የሚሰራው፣ ስራው በእጁ መቅረት አለበት። ይሄን ህግ ላይ በግልጽ እንጻፈው ነው የምለው፣ ስፖንሰር ቢመጣም ባይመጣም።

ቆርኪ_ዳማ፦
እኔ ደግሞ ስለ አርፒጂ ብቻ ስታወሩ ተነካሁ 🙂 ቦርድ ጌም የሚሰራውም ሰው ታሪክ አለው፣ ከጌም ሼፍ ይቀድማል እንዲያውም። ፈረንሳይ ፓሪስ አጠገብ ቡሎኝ ቢያንኩር ላይ ከ1977 ጀምሮ ለጨዋታ ፈጣሪዎች ውድድር ይደረግ ነበር። ጀርመን ደግሞ ሂፖዳይስ የሚባል የተራ ተጫዋቾች ክለብ አለ፣ ካምፓኒ አይደለም፣ ማታ ማታ ተሰብስበው የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፣ 1988 ላይ የራሳቸውን ውድድር ጀምረዋል። አሰራራቸውን ነው የምወደው። መጀመሪያ የምትልከው ህጉን ብቻ ነው፣ እሱን አንብበው ይመርጣሉ፣ የተመረጠው ሰው ፕሮቶታይፑን (የሙከራ ናሙናውን) ይልካል፣ የክለቡ ሰዎች ቁጭ ብለው በእጃቸው ይጫወቱታል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀሩትን ጥቂቶቹን ደግሞ ከአሳታሚ ቤቶች የመጡ ሰዎች ያዩታል። ይሄ ማለት የማይነበብ ህግ የጻፈ ሰው በር ላይ ይቀራል፣ ምንም ቆንጆ ቦርድ ቢስል

በዛው 1988 ኑረምበርግ የአሻንጉሊት አውደ ርዕይ ላይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። 13 ጨዋታ ፈጣሪዎች ተሰብስበው የቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ላይ ፈረሙ፣ ስማችን ሳጥኑ ላይ ካልተጻፈ ጨዋታ አንሰጥም ብለው። እነ ራይንሆልድ ቪቲግ እነ አሌክስ ራንዶልፍ ነበሩበት። ከዛ በፊት የጨዋታ ደራሲ ማን ያውቀው ነበር፣ ሳጥኑ ላይ የካምፓኒው ስም ነው ያለው። ዛሬ ግን የጀርመን ጨዋታ ስታነሳ የደራሲው ስም ፊት ለፊት ነው። ስለዚ ጣና_ዳር ያልከው የባለቤትነት ነገር እኔም እደግፋለሁ፣ ስሙም ይጻፍ

ጥያቄዬ ግን፣ ውድድሩ አርፒጂ ብቻ ነው ወይስ ቦርድና ካርታም ይገባል? ቦርድ ከገባ በሳምንት አይሆንም። ቃል ጽፈህ መላክ ሌላ ነው፣ ቆርጠህ ለጥፈህ አስር ጊዜ ተጫውተህ ማስተካከል ሌላ።

የዘጌዋ፦
ሰላም። እኔ የማስበው ስለ ወጪ ነው ይቅርታ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስንት እንደሚጠይቁ ታውቃላችሁ፣ ባለ ቀለም ከሆነማ አይነሳ፣ ላሚኔት ካስደረግሽ ደግሞ ሌላ። ብዙዎቻችን ላፕቶፕ የለንም በስልክ ነው የምንጽፈው። ስለዚህ ትንሽ ነገር እንጠይቅ። ለምሳሌ 200 ወርድ አርፒጂ ቻሌንጅ የሚባል ነበር፣ ዴቪድ ሺርደዋን 2015 ላይ የጀመረው፣ ሙሉ ጨዋታ በ200 ቃል! ስሙ እንደሚለው ነው፣ ከዛ ካለፍሽ አይቀበሉሽም። ዋን ፔጅ ዳንጅን ኮንቴስት ደግሞ አለ ከ2009 ጀምሮ፣ ዳንጅን ማለት ተጫዋቾቹ የሚያስሱት አደገኛ ዋሻ ወይም ምሽግ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ የቦታው ካርታም ታሪኩም ይገባል፣ የገባው ሁሉ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ሰው ክፍት ይሆናል፣ ማንም አውርዶ ጓደኞቹን ማጫወት ይችላል።

እኔ የምለው አንድ ገጽ ህግ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እቃው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚገኝ ነገር ብቻ ይሁን። ቆርኪ፣ ባቄላ፣ ሳንቲም፣ የማካሮኒ ካርቶን። ዳማን በቆርኪ አይደለም እንዴ ሁሉም ሰፈር የሚጫወተው፣ አንዱ ሽቅብ አንዱ ቁልቁል ተገልብጦ፣ ማን ገዝቶ ያውቃል። አንድ ሰው ጨዋታውን ወዶት ቤቱ ሄዶ በዛው ማታ ሊጫወተው ካልቻለ ምን ዋጋ አለው

ፔዳ_2ኛ_ዓመት፦
ዳኛው ማነው?? እሱ ነው ጭንቀቴ። ሁሉም ይተዋወቃል፣ ጓደኛ ለጓደኛ ነው ድምጽ የሚሰጠው

ጣና_ዳር፦
@ፔዳ_2ኛ_ዓመት በጣም ጥሩ ጥያቄ። ጌም ሼፍ ላይም ይሄ ነገር ተቀይሯል። መጀመሪያ አካባቢ ያዘጋጀው ሰው ነው የሚዳኘው፣ የገባው ጨዋታ ሲበዛ አንድ ሰው አንብቦ አይጨርስም። በኋላ፣ ጆናታን ዋልተን በሚያስተባብርበት ጊዜ፣ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ መገማገም ጀመሩ። እያንዳንዱ 4 የሰው ጨዋታ ይደርሰዋል፣ በደንብ አንብቦ አስተያየቱን ይጽፋል ከ4ቱ ደግሞ አንዱን ለቀጣዩ ዙር ይጠቁማል። በኔ እይታ ከውድድሩ ሁሉ የበለጠው ፈጠራ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጨዋታ ሰርተህ ማንም ሳያነብልህ መቅረት ነው ሰውን የሚያስቆርጠው። እዚህ ግን የመጨረሻው ደካማ ጨዋታ እንኳን አንባቢ አገኘ። አንተም ደግሞ የሌላውን 4 ስታነብ የራስህ የቱ ጋ እንደሚያነክስ ይገባሃል።

እኛም ጋ እንደዛ ይሁን፣ የተጻፈ አስተያየት ያላስገባ ሰው ድምጽ የለውም። ለጓደኛህ ብትደላም ምክንያትህን በጽሁፍ ማስቀመጥ አለብህ፣ ሁሉም ያነበዋል።

መምህር_ጡረተኛ፦
ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጽሁፋችሁን በሙሉ አነበብኩት፣ ደስ አለኝ። የፈረንጁን ታሪክ አውቃችሁ ማውራታችሁ መልካም ነው፣ ነገር ግን እዚህ አገር ጨዋታ ሲፈጠር የኖረው እንዴት እንደሆነም ጨምሩበት።

ሰንጠረዥን (የአገራችንን ቼዝ) ውሰዱ። የእኛ ሰንጠረዥ የመኳንንቱ ጨዋታ ነበር፣ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር የተሰመረበት ነው። ንጉሡ አለ፣ ፈርዝ (የንጉሡ አማካሪ) አለ፣ ፈረስ፣ ደር (ግንቡ)፣ መደቅ (ተራ ወታደሩ) አለ። ከሌላው ዓለም የሚለየው ግን ወረራው ነው። ወረራ ማለት ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እጃቸው እንደፈጠነ ያንቀሳቅሳሉ፣ እያንዳንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፣ ተመልካቹም ዝም አይልም ይመክራል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው በተራ የሚሆነው። ሌላም አለ። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ (ንጉሡን መውጫ ማሳጣት) እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር፣ በመደቅ ያደረገ ነው የሚደነቀው። ንጉሡ ብቻውን ከቀረ ደግሞ ማት አይባልም። አያችሁ፣ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፣ እንዴት አሸነፍክ የሚለው ህግ ውስጥ ገብቷል።

ገበጣም እንዲሁ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት 1971 ላይ በኢትዮጵያና በአካባቢው የሚጫወቱትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ሲጽፍ አገር ባገር፣ ህግ በህግ የሚለያዩ ብዙ ጨዋታዎች ናቸው ያገኘው። ውድድር አዘጋጅቶ ያስፈጠራቸው የለም። አንዱ መንደር ይህን ህግ ጨመረ፣ ሌላው ያንን ቀነሰ፣ ልጆቹ መሬት ቆፍረው በጠጠር ሞከሩት፣ የጣመው ቀረ። ስለዚህ ውድድራችሁ ላይ አዲስ መፍጠር ብቻ ሳይሆን የቆየውን ገበጣ ወይም ሰንጠረዥ አንድ ህግ ለውጦ ማቅረብም ይፈቀድ እላለሁ።

ጣና_ዳር፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ስለ ማት አደራረጉ ክብር ጨርሶ አላውቅም ነበር። እና የሚገርመው ያነሱት ነገር ከጌም ሼፍ ጋር ይገናኛል። 2014 ላይ የውድድሩ መሪ ሀሳብ «መጽሐፍ የለም» የሚል ነበር፣ ማለትም ጨዋታ የግድ ወረቀት ላይ የተጻፈ የህግ መጽሐፍ መሆን አለበት ወይ ብለው ተወዳዳሪዎቹን ሌላ መንገድ እንዲፈልጉ ገፏቸው። ገበጣ እኮ መጽሐፍ ኖሮት አያውቅም፣ ከአፍ ወደ አፍ ነው። በቃ አንድ ዘርፍ ይጨመር፣ ህጉ በጽሁፍ ሳይሆን በቃል የሚነገር ጨዋታ፣ በስልክ ድምጽ ቀድቶ መላክ ይቻላል። ይሄ መጻፍ የሚከብደውን ሰውም ያስገባልናል።

የሽምብጥ_ልጅ፦
እሺ የድምጹ ነገር ገዛኝ። የኔ እናት የምታውቀው የጠጠር ጨዋታ አለ ማንም ጽፎት አያውቅም። የሽልማቱን ነገር ትቼዋለሁ ማለት ግን አይደለም 😀 ቢያንስ ላሸነፈው ጨዋታ 20 ኮፒ በጋራ አሳትመን እንስጠው፣ ያ ገንዘብ አይደለም ግን ክብር ነው

የዘጌዋ፦
@የሽምብጥ_ልጅ እሱ ጥሩ ነው እስማማለሁ። እናትህን ቅዳልን በናትህ

ቆርኪ_ዳማ፦
ቃላቱስ? እኔ ታንኳ፣ ገዳም፣ ጢስ፣ ቡና እላለሁ። የኛው ናቸው፣ ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል።

የዘጌዋ፦
ኧረ ቆርኪ፣ ይሄ እኮ ፖስት ካርድ ነው። እነዚህን ስትሰጠን ሁላችንም ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚሄድ የቱሪስት ጀልባ ጨዋታ ነው ይዘን የምንመጣው፣ አስር ጊዜ አንድ ዓይነት። ጣና_ዳር የጻፈውን አራቱን ቃል መልሼ አየሁት፦ በረዶና ደሴት የሚታይ ነገር ናቸው፣ ንጋት ጊዜ ነው፣ ጥቃት ድርጊት ነው። ሁለቱ ቦታ ይሰጡሻል፣ አንዱ መቼ ይልሻል፣ አንዱ ደግሞ ሰው ለሰው ምን ያደርጋል ይልሻል። ያንተ አራቱም የሚታይ ነገር ብቻ ናቸው፣ ማንም ማንንም ምንም አያደርግም።

እኔ ከታንኳው ይልቅ ደንገል ብዬ እጀምር ነበር። ደንገል ውሃ ዳር ይበቅላል፣ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ታንኳ ይሆናል፣ ታንኳው ደግሞ ሲቆይ ውሃ ይመጥጥና ይከብዳል፣ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ ካላደረቅሽው ይሰምጣል። ይሄ ራሱ የተዘጋጀ ጨዋታ ነው። ሐይቁ ላይ በቆየሽ ቁጥር አንድ ባቄላ ታንኳሽ ላይ ይጨመራል፣ የባቄላው ቁጥር ከፍ ሲል የምትጭኚው ቡና ይቀንሳል፣ ባቄላውን ማውረድ ከፈለግሽ ዳር ላይ ቁጭ ብለሽ ተራሽን ታሳልፊያለሽ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ሁለት ባቄላ። እና ሁሌም ጥያቄው አንድ ጉዞ ልጨምር ወይስ ላድርቀው ነው።

ፔዳ_2ኛ_ዓመት፦
የዘጌዋ ይሄን እኮ ሞክረሽዋል አይደል?? የምር ጥሩ ነው

የዘጌዋ፦
አዎ ከእህቶቼ ጋር። ትንሿ እህቴ ታንኳዋን ጨርሶ አታደርቅም፣ ሁልጊዜ አንድ ጉዞ ልጨምር ትላለች፣ ባቄላዋ ሞልቶ ሲፈስ ቡናዋን በሙሉ ታጣለች ከዛ እንደገና እንጫወት ትላለች። ትልቋ ግን ሁለት ጉዞ አንድ ማድረቅ፣ ሁለት ጉዞ አንድ ማድረቅ ብላ ሒሳብ ይዛ ሁሌ ታሸንፋለች፣ እሱ ነው ያስጠላኝ፣ መንገዱ ከታወቀ ጨዋታው ሞተ። ነፋሱን የጨመርኩት ለዛ ነው፣ ሳንቲም ተወርውሮ ሰው ከወጣ ይነፍሳል። አሁን ሒሳቧ አይሰራላትም፣ ግን ደግሞ በጣም እድል ላይ የተንጠለጠለ ሆነብኝ። ሀሳብ ካላችሁ ስጡኝ።

ቆርኪ_ዳማ፦
ፖስት ካርድ ያልሽው ይገባኛል፣ ቃሎቼን አንስቻለሁ። ስለ ነፋሱ፣ ሳንቲሙን ትተሽ ነፋሱን ሌሎቹ ተጫዋቾች እንዲይዙት አድርጊ። እያንዳንዱ ሰው በጨዋታው ውስጥ 3 የነፋስ ቆርኪ ይኑረው፣ መቼ እንደሚጠቀምበት ራሱ ይወስናል። ያኔ እድል አይደለም፣ ትልቋ እህትሽ የሁሉንም ፊት እያየች ነው የምትጓዘው። ሰንጠረዥ ላይ ጋሼ ስለ ወረራ እንዳሉት፣ የሌላውን እያየህ የራስህን መለወጥ።

መምህር_ጡረተኛ፦
ይህ ጥሩ ምክር ነው። ለቃላቱ እኔ ደንገል፣ ደወል፣ ዋዜማ፣ መሻገር እላለሁ። ደንገልና ደወል የሚታዩ ናቸው፣ ዋዜማ ጊዜ ነው፣ መሻገር ድርጊት ነው። ልጅቷ እንዳለችው።

የሽምብጥ_ልጅ፦
«እዳ» ይግባበት በደወል ፈንታ። እዳ ያለበት ሰው ሲሻገርና እዳ የሌለበት ሰው ሲሻገር አንድ አይደለም፣ ወዲያው ታሪክ አለው

ፔዳ_2ኛ_ዓመት፦
ደንገል፣ እዳ፣ ዋዜማ፣ መሻገር። እኔ ድምጼ ለዚህ ነው። 4ቱንም መጠቀም ግዴታ ነው ወይስ 3 ይበቃል?

ጣና_ዳር፦
3 ከ4 ይበቃል፣ አንዱን መጣል መቻል ራሱ ምርጫ ነው። ግን ቃላቱን አሁን ስላያችኋቸው ለውድድሩ አይሆኑም 🙂 እነዚህ ለልምምድ ይሁኑ፣ የፈለገ ሰው በነዚህ ይሞካክር። የውድድሩን ቃላት ጋሼና ቆርኪ ለብቻቸው ይመርጣሉ፣ ሁለቱ ስለዚ አይወዳደሩም፣ ጋሼ ካልተቃወሙ ማለት ነው።

የተስማማንበት፣ ለአርፒጂና ለቃል ጨዋታ ሳምንት፣ ለቦርድና ለካርታ ሦስት ሳምንት። አንድ ገጽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እቃው ከቤት። የቆየ ጨዋታ ህጉን ለውጦ ማቅረብ ይቻላል። ጨዋታው የሰሪው ነው፣ ስሙም ይጻፋል። ሁሉም ሰው 4 ያነባል፣ ፈተና ያለባችሁ ተማሪዎች 2 ይበቃችኋል። ለአሸናፊው 20 ኮፒ፣ ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ ማተሚያ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

መምህር_ጡረተኛ፦
አልቃወምም። ቆርኪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካለህ ሐይቁ ዳር እንገናኝ፣ ሰንጠረዡንም ይዤ እመጣለሁ።

ቆርኪ_ዳማ፦
እሺ ጋሼ፣ 10 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ